ከቁልፍ ጋር የሚዞር ስለት፦ የትኛው ለቤተሰብ ይሻላል?

የቁልፍ መያዣዎን እስቲ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት። የቤት ቁልፍ አለ፣ የቢሮ ቁልፍ አለ፣ ከአንድ ባንክ በስጦታ የመጣ ማንጠልጠያም አይጠፋም። አሁን ደግሞ ከትናንት ወዲህ የከፈቱትን ነገር ሁሉ ያስታውሱ፦ የዱቄት ወተት ከረጢት፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ካርቶን፣ በሲባጎ የታሰረ ፌስታል፣ አዲስ ሸሚዝ ላይ የተሰካ የዋጋ ወረቀት። በምን ከፈቷቸው? መልሱን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ ወይ በጥርስ፣ ወይ በቁልፍ ጫፍ፣ አለዚያም ከወጥ ቤት በመጣ ረጅም ቢላ። ጥርስ ይሸረፋል፣ ቁልፍ ይጣመማል፣ ረጅሙ ቢላ ደግሞ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ልጅ ያገኘዋል።

በዚህ ወር ከቁልፍ ጋር ተንጠልጥለው የሚዞሩ ትንንሽ መቁረጫዎችን እናወዳድራለን። የምሠራው ማርኬቲንግ ላይ ስለሆነ ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው ነገር እንዴት እንደሚመረጥ አውቃለሁ። «14 አገልግሎት በአንድ» የሚል ጽሑፍ ሲያዩ የመጀመሪያ ጥያቄዎ «ከ14ቱ ስንቱን በሳምንት አንድ ጊዜ እጠቀምበታለሁ?» የሚል ይሁን። ብዙ ጊዜ መልሱ ሁለት ወይም ሦስት ነው። የምንገዛውም ለእነዚያ ለሁለቱና ለሦስቱ መሆን አለበት።

ንጽጽሩን ያየሁት ከወረኢሉ አንጻር ነው። ምክንያት አለኝ። ወረኢሉ ደጋ ነው፤ ማለዳ ላይ ጣት ሲደነዝዝ በጥፍር ተጎትቶ የሚከፈት ትንሽ ስለት ፈተና ይሆናል። ክረምቱ እርጥብ ስለሆነ ርካሽ ብረት ቶሎ ይዝጋል። ጆንያ፣ ገመድ፣ ሲባጎና የበግ ማሰሪያ የዕለት ተዕለት ነገሮች ናቸው። ዕቃው ቢሰበር ደግሞ መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ በቅርብ አይገኝም። እዚያ ፈተናውን ያለፈ ዕቃ ደሴም ሆነ አዲስ አበባ ላይ አያሳፍርዎትም።

ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም

ትንሽ መሣሪያ ከሰውነት ሳይለዩ መዞር ከውጭ የመጣ ፋሽን ይመስለን ይሆናል። የአያቶቻችንን አንገት ግን ያስታውሱ። ከማተቡ ጋር ወይም በቆዳ ማኅደር ውስጥ ወረንጦ ነበር፤ እሾህ የሚነቀልበት። አጠገቡ ከብር የተሠራ የጆሮ ኩክ ማውጫ ይንጠለጠላል፤ ጌጥም ነው፣ መሣሪያም ነው። የዛሬው የቁልፍ ቀለበት የሚሠራውን ሥራ ያን ጊዜ የአንገት ክር ይሠራው ነበር ማለት ነው።

ወረኢሉ ስትነሳ የዓድዋ ዘመቻ አብሮ ይነሳል። የሸዋ ጦር እስከ ጥቅምት 1888 ዓ.ም. እኩሌታ ተሰባስቦ እንዲገኝ የተቀጠረው እዚያ ነበር። ከዘማቹ አብዛኛው በባዶ እግሩ ነበር የሚጓዘው። ለእንዲህ ያለ መንገደኛ እሾህ መንቀያ የቅንጦት ዕቃ ሊሆን አይችልም። ከሁሉም ያነሰው መሣሪያ ቀን ሲወጣለት ከሁሉም የሚፈለገው እሱ ይሆናል።

ስለቱንም ቢሆን የሚሠሩልን የራሳችን ሰዎች አሉ። የገጠር ቀጥቃጭ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ቢላና ማጭድ ያወጣል። ይህ ብረት ካልደረቀ ይዝጋል፤ ሲሳል ግን ስለቱ ግሩም ነው። እነዚህ ባለሙያዎች በሥራቸው ሲሰደቡ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማወጅ ደርሰዋል። ስለዚህ ለወጥ ቤትዎ ቢላ ሲፈልጉ የቀጥቃጩን ሥራ አይናቁ። ለቁልፍ መያዣ ግን ይከብዳል፤ አፎትም ይፈልጋል። ወደ ትንንሾቹ እንሂድ።

አራት መመዘኛዎች

አንደኛ፦ ሲባጎን፣ ፕላስተርን፣ የልብስ ክርንና ወፍራም ፕላስቲክን ይቆርጣል? ሁለተኛ፦ ኪስ ውስጥ ራሱን ችሎ ሊከፈት ወይም በልጅ እጅ በቀላሉ ሊከፈት ይችላል? ሦስተኛ፦ ፍተሻ ላይ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት ያሸማቅቅዎታል? አራተኛ፦ ሲደንዝ ቤት ውስጥ ሊሳል ወይም ስለቱ በቀላሉ ሊተካ ይችላል? ዋጋን ከመመዘኛው ያወጣሁት ንቄው አይደለም። የብር ዋጋ ዛሬ ጽፌ መጽሔቱ እጅዎ ሲገባ ሌላ ስለሚሆን ነው። ርካሽና ውድ የሆነውን ግን እጠቁማለሁ።

1. ጥፍር መቁረጫ

ከሁሉም ርካሹ ነው፤ በየሱቁና በየጉሊቱ ይገኛል። ሰው እንደ መቁረጫ ስለማይቆጥረው ብቻ ይናቃል። በሁለት ከንፈሩ ጨምቆ ስለሚቆርጥ የልብስ ክር፣ የዋጋ ወረቀት ማንጠልጠያ፣ ቀጭን ሲባጎና የዓሣ ማጥመጃ ክር ሳይቀር ጥርት አድርጎ ይበጥሳል። የሚወጋ ጫፍ ስለሌለው ኪስ አይቀድም፣ ልጅ ቢያገኘውም ብዙ አደጋ አያደርስም። ፍተሻ ላይም ማንም ሁለተኛ አያየውም። ሁለት ጉድለት አለው፦ ካርቶንና ወፍራም ፕላስቲክ አይከፍትም፤ ከደነዘም በቤት ውስጥ አይሳልም፤ ይጣላል እንጂ።

ሲገዙ ከንፈሮቹን ገጥመው ወደ ብርሃን ያንሱት። በመካከላቸው ብርሃን ካሳለፉ አይግዙት፤ ጥፍሩን ይቀደዋል እንጂ አይቆርጠውም። አንዳንዶቹ ሞረድና ትንሽ ስለት ታጥፈውባቸው ይመጣሉ። ያች ስለት አብዛኛውን ጊዜ ከለስላሳ ቆርቆሮ የተሠራች ናት፤ ለእርሷ ብለው ተጨማሪ ገንዘብ አይክፈሉ።

2. ትንሿ የስዊዝ ሰንጢ

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በብዛት የሚያመጣት ቀይዋ ሰንጢ ናት፤ ቪክቶሪኖክስ ክላሲክ ትባላለች። ስትታጠፍ ርዝመቷ 58 ሚሊሜትር፣ ክብደቷ ከ20 ግራም ብዙ ያልበለጠ ነው። አንድ ትንሽ ስለት፣ መቀስ፣ ጫፉ ካቻቢቴ የሆነ ሞረድ፣ ወረንጦና ስቴኪኒ ይዛለች። አዎ፣ ወረንጦ! አያቶቻችን አንገታቸው ላይ ያሰሩትን ስዊዞች ከሰንጢያቸው ጎን ሸጎጡት።

ኩባንያው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው። መሥራቹ ካርል ኤልሰነር ለስዊዝ ሠራዊት ቢላ ማቅረብ የጀመረው በ1891 ነበር። ስሙ የመጣው ከእናቱ ስም ከቪክቶሪያና የማይዝግ ብረት ከሚጠራበት «ኢኖክስ» ከሚለው ቃል ነው። ልጅ እናቱን የሚያስታውስበት መንገድ ብዙ ነው።

የዚች ሰንጢ ሀብት መቀሷ ነው። ስለቷ ፖስታና ፕላስተር ለመክፈት ትበቃለች፤ መቀሷ ግን የሕፃን ጥፍር፣ የፋሻ ጫፍ፣ የመድኃኒት ከረጢት፣ የነጠላ ጥለት ላይ የተረፈ ክር፣ ሁሉንም ትሠራለች። ድካሟ ሁለት ነው። አንደኛው ብርድ ላይ ለደነዘዘ ጣት የስለቷ መጎተቻ ጠባብ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ስለቷ መቆለፊያ የሌላት መሆኑ ነው፤ ገትሮ የሚይዛት ጀርባዋ ላይ ያለው ሞላ ብቻ ነው። ጫፏን ጠንካራ ነገር ላይ ከወጉባት ወደ ጣትዎ ልትታጠፍ ትችላለች። ስለዚህ በዚች ሰንጢ ይቁረጡባት፣ አይውጉባት።

ገበያ ላይ የምትመስላት ብዙ ናት። ትክክለኛዋ ሙሉ ስሟ ስለቷ ሥር ተቀርጾ ይገኛል። ሲከፍቷትና ሲያጥፏት «ጠቅ» የሚል ጥርት ያለ ድምፅ አላት፤ መቀሷም ሲለቋት ራሷ ትከፈታለች። የምትወዛወዝ፣ ሰሌዳዋ መካከል ክፍተት የሚታይባት ከሆነ ይተዉአት።

3. መቀሱን ያስቀደመው፦ ሌዘርማን ማይክራ

ቲም ሌዘርማን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1975 ከባለቤቱ ጋር በአሮጌ ፊያት አውሮፓን ሲዞር መኪናዋ በየመንገዱ ትቆምበት ነበር። ኪሱ ውስጥ ቢላ ነበረው፤ ፒንሳ ግን አልነበረውም። ከዚያ ተነስቶ ፒንሳና ቢላ በአንድ የያዘ መሣሪያ ሠራ፤ የመጀመሪያው ለገበያ የቀረበው በ1983 ነው። ማይክራ የዚያ ቤተሰብ ታናሽ ናት፤ በፒንሳ ፈንታ ዋናው መሣሪያዋ መቀስ ነው። ክብደቷ 51 ግራም፣ ስትታጠፍ ርዝመቷ 6.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

እጀታዎቿን ሲዘረጉ መቀሱ ከመካከል ይወጣል፤ ሙሉ መዳፍ ስለሚይዘው ከትንሿ የስዊዝ መቀስ ይበልጥ ጉልበት አለው። ወፍራም ሲባጎ፣ ጨርቅ፣ የጆንያ አፍ የተሰፋበትን ክር ያለ ብዙ ትግል ይቆርጣል። ስለት፣ ካቻቢቴዎች፣ ወረንጦና ሞረድም አላት። እጀታዋ በጥፍር ሳይሆን በሁለት እጅ ስለሚከፈት ለብርድ ጣት ትሻላለች። ስለቱን ለማግኘት ግን መጀመሪያ መሣሪያውን መዘርጋት ያስፈልጋል። ለሚቸኩል ሰው ይህ እንከን ነው፤ ትንሽ ልጅ ላለው ቤት ግን ጥቅም ነው። ዋጋዋ ከስዊዟ ይበልጣል፤ ቁልፍ ላይም ክብደቷ ይታወቃል።

4. ተሰባሪው ካተር

ጠባቧ ባለ 9 ሚሊሜትር ካተር ከየጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ በጥቂት ብር ትገኛለች። ታሪኳ ያስደስታል። ዮሺዮ ኦካዳ የተባለ ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1956 ስለቱ ሲደንዝ ጫፉ ብቻ ተሰብሮ የሚታደስ መቁረጫ ፈለሰፈ። መነሻ ሐሳቡን ያገኘው ከመስታወት ስብርባሪና በመስመር ከተከፋፈለ የቸኮላታ ጡብ ነው። ኩባንያው «ኦልፋ» የሚለውን ስም ያወጣውም በጃፓንኛ «የሚሰበር ስለት» ከሚለው ነው።

ካርቶን በመክፈትና በመቅደድ ከእርሷ የሚወዳደር የለም፤ መሳልም አያስፈልጋትም። ለቁልፍ መያዣ ግን አልመክራትም። መግፊያዋ ኪስ ውስጥ ከቁልፍ ጋር ሲፋተግ ሊንሸራተት ይችላል፤ ስለቷ ደግሞ እንደ ምላጭ ነው። የሚሰበረውም ጫፍ የት ይጣላል? ወረኢሉ ላይም ሆነ አዲስ አበባ ላይ ቆሻሻ የሚለቅም እጅ አለ። የካተር ቦታ የቤት መሳቢያ ነው። የተሰበረውን ጫፍ በክዳን በሚዘጋ ጣሳ ውስጥ ያጠራቅሙ።

5. የቁልፍና የካርድ ቅርጽ ያላቸው ሰንጢዎች

ቁልፍ የሚመስል፣ ሲያጥፉት የባንክ ካርድ የሚያህል፣ ሊፒስቲክ የሚመስል ሰንጢ ገበያ ላይ ሞልቷል። ዓይን ይስባሉ፤ ለሥጦታም ያማልላሉ። እኔ ግን ከሁሉ የምፈራው እነዚህን ነው። አብዛኞቹ ርካሽ ብረት፣ ልል ማጠፊያ አላቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለት መሆናቸውን መደበቃቸው ነው ችግሩ። ፈታሽ ሰንጢ ሲያይ «ይህ ምንድን ነው?» ይላል። የተደበቀ ሰንጢ ሲያይ ግን «ለምን ደበቅኸው?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ሁለተኛው ጥያቄ መልስ የለውም። «ሲያጌጡ ይመላለጡ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

የግድግዳው ምላጭ

እስካሁን ስለ ምቾት ነበር የምናወራው። አሁን ግን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ።

ወረኢሉ፣ መካነ ሰላም፣ ከዚያም አልፎ በብዙ የገጠርና የትንሽ ከተማ ቤቶች «የቤቱ መቁረጫ» የሚባል አንድ ነገር አለ፦ ምላጭ። ጊሌት እ.ኤ.አ. በ1904 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበለት ያ ሁለት አፍ ያለው ስስ ምላጭ። በወረቀቱ ተጠቅልሎ በግድግዳ ስንጥቅ፣ በበር መቃን ወይም ከአልጋው ፍራሽ ሥር ይሰካል። በእርሱ የልጅ ፀጉር ይላጫል፣ ጥፍር ይቆረጣል፣ እርሳስ ይቀረጻል፣ ጆንያ ይፈታል፣ እሾህ የገባበት ተረከዝ ይፈለፈላል። አንድ ምላጭ፣ አምስትና ስድስት ሰው። ከተማ ውስጥም ቢሆን የሠራተኛ ክፍሉንና የመታጠቢያ ቤቱን መስኮት ጠርዝ ቢያዩ ያገኙት ይሆናል።

«ስለት ያላቸውን ነገሮች በጋራ አንጠቀም» የሚለውን ትምህርት ከኤች አይ ቪ ጋር በተያያዘ ሁላችንም ሰምተነዋል። ብዙ ያልተወራለት ሌላ ቫይረስ አለ፤ ጉበትን የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ቢ። ይህ ቫይረስ ከሰውነት ውጪ ቢያንስ 7 ቀን መቆየትና መተላለፍ ይችላል። ዛሬ የአንዱን ጣት የቧጨረ ምላጭ ደሙ ባይታይበትም በሚቀጥለው ሳምንት ለሌላው አስጊ ነው ማለት ነው። ሦስተኛው መንጋጋ ቆልፍ ነው። ሰው ከዝገት የሚመጣ ይመስለዋል፤ የሚመጣው ግን በአፈርና በእንስሳት እበት ውስጥ ከሚኖር ተሕዋስ ነው። በግና ከብት ደጅ ላይ ባለበት ቤት በግድግዳ የተሰካ ምላጭ የት እንደዋለ ማን ያውቃል?

ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው የሚወስዱት ክትባት መንጋጋ ቆልፍንና ሄፓታይተስ ቢን ይጨምራል። የልጅዎን ካርድ አውጥተው ሦስቱም መሞላታቸውን ያረጋግጡ። ብዙ አዋቂዎች ግን ይህን ክትባት በልጅነታቸው አላገኙም። በቆሸሸ ስለት ወይም በእሾህ ጥልቅ ቁስል የደረሰበት ሰው ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት፤ ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ መተው አይገባም።

ለዚህ ነው ከቁልፍ ጋር የሚዞር መቁረጫ ጉዳይ የዕቃ ወዳዶች ጨዋታ ብቻ ሆኖ የማይታየኝ። ሲባጎውንና ጆንያውን የሚፈታ ሌላ ነገር በእጅ ሲኖር፣ ጥፍር ደግሞ በየራስ መቁረጫ ሲቆረጥ፣ የግድግዳው ምላጭ ሥራ ያጣል። ሥራ ያጣ ምላጭ ይጣላል። ደንቡም አጭር ነው፤ ዕቃ የሚቆርጥ የጋራ ሊሆን ይችላል፣ ገላን የሚነካ ግን የግል ይሁን።

ፍተሻና አውሮፕላን

«ሰንጢ» የሚለው ቃል በከተሞቻችን መልካም ስም የለውም። ባንክ፣ የገበያ ማዕከል፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የበዓል አደባባይ ሲገቡ ይፈተሻሉ፤ በአገር አቋራጭ መንገድ ላይም እንዲሁ። ስለት ያለው ነገር ከያዙ ሳይጠየቁ ቀድመው ያሳዩ፣ «ይህ አለ፣ እዚህ ላቆየው?» ይበሉ። ወደ አደባባይ በዓል ከሆነ ጉዞዎ ደግሞ ቤት ይተዉት። ቁልፉ ላይ መቀስና ጥፍር መቁረጫ ብቻ ያለው ሰው ይህን ሁሉ ንግግር ይገላገላል።

ወደ ወሎ በአውሮፕላን የሚሄዱ ከሆነ፣ ማለትም ከቦሌ ወደ ኮምቦልቻ፣ ሰንጢዎን ቤትዎ ሳሉ ከቁልፉ አውጥተው በሚላከው ሻንጣ ውስጥ ይክተቱት። ብዙ ሰው የሚወዳትን ስጦታ የሚነጠቀው ፍተሻው መስመር ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ሻንጣው ሄዷል። ወደ ውጭ ለሚበሩም ልምዱ ያው ይሁን። አሜሪካ ከ6 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ስለት ያላቸውን ሰንጢዎች በካቢን ለመፍቀድ እ.ኤ.አ. በ2013 አስባ ተቃውሞ ሲበዛ በዚያው ዓመት ሐሳቡን ተወችው። ትንሽነቷ አያድናትም። ስለት የሌላት መቀስ ብቻ ያላት የቁልፍ መሣሪያም ትሠራለች፤ አዘውትሮ ለሚበር ሰው የሚሻለው እርሷ ናት። እንዲያም ሆኖ ትንሽ መቀስን አንዱ አየር ማረፊያ ሲፈቅድ ሌላው ሊከለክል ይችላልና ከመብረርዎ በፊት ይጠይቁ።

ልጆች ባሉበት ቤት

ልጅ የቁልፍ ጭራ ይወዳል፤ ያቃጭላል፣ ያበራል። የቁልፍ መያዣዎን ለሕፃን ማባበያ የሚሰጡ ከሆነ ስለት ያለበትን ነገር አያንጠልጥሉበት። ይህ ክርክር የለውም። በቀላሉ ተላቆ የሚገባ ትንሽ ማያያዣ ገዝተው መቁረጫውን በእርሱ ላይ ያድርጉት፤ ቤት ሲገቡ ነጥለው ከፍ ያለ ቦታ ይሰቅሉታል።

ትልልቆቹን ልጆች ግን ከስለት ማራቅ ብቻውን አይበቃም። የወረኢሉ ልጅ ገና በጠዋቱ ማጭድ ይይዛል፤ ከሰውነቱ አርቆ መቁረጥን የሚማረው ከአባቱ አጠገብ ቆሞ ነው። የከተማ ልጅ ያን ዕድል አያገኝም። ሦስት ነገር ያስተምሩት፦ ሁልጊዜ ከራስህ ወደ ውጭ ቁረጥ፤ የምትቆርጠውን ነገር ጭንህ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ አድርገው፤ ስትጨርስ አጥፈህ መልስ። መጀመሪያ ደነዝ ጫፍ ባለው መቀስ፣ ቀጥሎ በትንሿ የስዊዝ መቀስ ይለማመድ። ስለቱ ቆይቶ ይደርሳል። ትምህርት ቤት ይዞ መሄድ ግን አይፈቀድለትም፤ ለምን እንደሆነም ይንገሩት።

አያያዝና መሳል

ሰው የሚቆረጠው በተሳለ ቢላ ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚቆርጠን ግን ዱልዱም ስለት ነው፤ ስለማይቆርጥ እንጫነዋለን፣ ስንጫነው ያመልጠናል። ለትንሽ ስለት ውድ መሳያ አያስፈልግዎትም። የቡና ሲኒዎን ይገልብጡት። ከሥሩ ያለው ያልተለበጠ ሻካራ ቀለበት ጥሩ መሳያ ነው። ስለቱን 20 ዲግሪ ገደማ፣ ማለትም ከመተኛቱ ትንሽ ቀና አድርገው፣ ቀለበቱን የሚልጡ ይመስል ወደፊት ይግፉት። በአንድ ጎን አምስት ጊዜ፣ በሌላው አምስት ጊዜ፤ እየቀያየሩ ይድገሙት። ከዚያ በወረቀት ጠርዝ ይሞክሩት። ሲኒውን አጥበው ወደ ረከቦቱ ይመልሱት፤ ቡናውም አይቀርብዎ።

ኪስ ውስጥ ፍርፋሪና አቧራ ማጠፊያው ውስጥ ይገባል። በወር አንድ ጊዜ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ከፍተው ያጥቡት፣ በደንብ ያድርቁት፣ ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ያድርጉ። ክረምት ላይ ይህን በየሁለት ሳምንቱ ያድርጉ። «የማይዝግ» የሚባለው ብረትም እርጥብ ኪስ ውስጥ ከከረመ ይዝጋል፤ ስሙ ዘግይቶ ይዝጋል ማለት ነው። ብርቱካን ወይም ሎሚ ከቆረጡበትም ወዲያው ይጥረጉት።

እንግዲህ ምን ይግዙ?

ለእናትም ለአባትም፣ ሕፃን ላለበት ቤት፦ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ጥፍር መቁረጫ፤ ለቤቱ ደግሞ አንዲት መቀስ ያላት ትንሽ መሣሪያ። አቅም ከፈቀደ ማይክራ፣ ካልሆነ የስዊዟ። ሁለቱም ካልተገኙ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚታጠፍ ትንሽ መቀስ ይበቃል።

መንገድ ለሚበዛበት፣ የገጠር ሥራ ላለው፣ ቅዳሜና እሁድ ቤተሰቡን ይዞ ከመካነ ሰላም ወደ ቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ለሚሄድ፦ ማይክራ። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ባለበት ፓርክ ውስጥ ስለትዎ ለምሳ ዕቃና ለገመድ ብቻ ነው፤ ዛፍ ላይ ስም መጻፊያ አይደለም፤ ባዶውንም ፌስታል ይዘው ይመለሱ።

ለተማሪና አዘውትሮ ለሚፈተሽ ሠራተኛ፦ ጥፍር መቁረጫ ብቻ። ለማንም ቢሆን፦ ቁልፍ የሚመስል ሰንጢ አይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር። ለበዓል ወደ ገጠር ስንሄድ ስኳር፣ ሳሙናና ጋቢ እንይዛለን። በሚቀጥለው ጉዞዎ በቤቱ ያሉትን ሰዎች ቁጥር ይቁጠሩና ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጥፍር መቁረጫ ይግዙ፤ እንዳይቀያየሩ በየቀለሙ ክር ይሠሩባቸው፤ ቀዩ የእማማ፣ አረንጓዴው የአባባ፣ ቢጫው የትንሿ። አንድ ደህና መቀስና ለተማሪዎቹ እርሳስ መቅረጫ ይጨምሩ። ሁሉም ተደምሮ ከአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ ብዙም አይርቅ ይሆናል፤ ክብደቱም ከሻንጣዎ ጥግ አይሞላም። ሲሰጧቸው ስለ ቫይረስ ረጅም ንግግር አያስፈልግም። «ይህ ያንቺ ነው፣ ለማንም አታውሺ» ማለት ይበቃል። ከዚያ ቡናው እስኪፈላ ድረስ የግድግዳውን ምላጭ ይጠይቁና በወፍራም ወረቀት ጠቅልለው በጣሳ ከተው ልጅ በማይደርስበት ጥልቅ ጉድጓድ ያስጥሉት።